ኪንታሮትና የበጋ ሙቀት

ሀ. መቀመጥ ያቃተው ገበሬ

ወሩ መጋቢት ነበር። ፀሐይዋ ከርራለች። አንድ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ መሳለሚያ እህል በረንዳ ደረሰ። ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በአይሱዙ መኪና ጤፍ አስጭኖ ነው የመጣው።

መንገዱ ረጅም ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መኪናው ከደጀን ቁልቁል ይወርዳል። የአባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በረሃው እንደ ምጣድ ይግላል። ገበሬው ያን ሁሉ መንገድ ከጆንያ ላይ ተቀምጦ መጣ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ሆነ ውሃም አልቀመሰም።

የእህቱ ልጅ እህል በረንዳ ውስጥ ተሸካሚ ነው። አጎቱን ሲያይ ሮጦ ሳመው። በርጩማም አቀረበለት። ገበሬው ግን አልተቀመጠም።

«አጎቴ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ። ምነው ቆሙ?» አለው።

«ተወኝ ልጄ። መቆም ይሻለኛል።»

«ምን ሆነው ነው? ይንገሩኝ እንጂ!»

ገበሬው ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቀመጫዬን ያመኛል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ያሳክከኛል፤ ያቃጥለኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደም አየሁ። ለማንም እንዳትናገር» አለው።

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ መቼ ዳንኩ? እዚህ ጆንያ ከምንሸከመው ውስጥ ስንቱ ይህ በሽታ እንዳለበት ማን ያውቃል? ግን ማንም አይናገርም» አለ።

ገበሬው ማንበብ የተማረው ባለፈው ዓመት ነው። በመንገድ ላይ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት አይቷል። «ኪንታሮትን ያለ ኦፕራሲዮን በአንድ ቀን ከሥሩ እንነቅላለን» ይላል። «ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ጤፉ እንደ ተሸጠ እዚያ ውሰደኝ» አለ።

አጠገባቸው ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ንግግሩን ሰማች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳልፈልግ ሰማሁ» አለች። «ወንድሜ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ ሄደ። የሚያቃጥል ነገር ቀቡት። ቁስሉ ሲድን መውጫው ጠበበ። ሰገራ አልወጣ አለው። ሆስፒታል ተኝቶ ነው የተረፈው። ኧረ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ!»

ገበሬው ብዙ አሰበ። በማግስቱ ጠዋት አጎትና የእህት ልጅ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ በትዕግሥት አዳመጠቻቸው፤ መረመረቻቸው፤ አስተማረቻቸው። እነሱ የተማሩትን እኛም እንማር።

ለ. ኪንታሮት ምንድን ነው?

በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ ትንንሽ የደም ሥሮች አሉ። እነዚህ የደም ሥሮች በወንድም በሴትም፣ በሀብታምም በድሃም ላይ ይገኛሉ። ደም ሲጠራቀምባቸው ይለጠጣሉ፤ ያብጣሉ። ይህ እብጠት ኪንታሮት ይባላል።

የፊንጢጣ ኪንታሮት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የውስጥ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ አያምም። ነገር ግን ስንጸዳዳ ቀይ ደም ይታያል። ሁለተኛው የውጭ ነው። በእጅ ሲዳሰስ እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ እብጠት ይገኛል። ያሳክካል፤ ያቃጥላል፤ መቀመጥ ያስቸግራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በእጅ ላይ የሚበቅለውን ጠንካራ ትርፍ ሥጋም ሕዝቡ ኪንታሮት ይለዋል። ስማቸው አንድ ነው፤ በሽታቸው ግን አንድ አይደለም። የእጁ ኪንታሮት በቆዳ ላይ የሚበቅል ነው። የፊንጢጣው ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። ያበጠ የደም ሥር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። የሚያሳፍር ሥራ የሠራ ሰው የሚይዘው በሽታም አይደለም። ይህን ካወቅን ስለ በሽታው ለመናገር አናፍርም።

ሐ. በሙቀት ጊዜ ለምን ይብሳል?

ቤት ስንመርግ ጭቃ እናቦካለን። ውሃው በቂ ሲሆን ጭቃው ለስላሳ ነው፤ ለእጅ ይታዘዛል። ፀሐይ ውሃውን ሲመጠው ግን ጭቃው ይደርቃል፤ ይጠነክራል። ሰገራም እንዲሁ ነው።

በሙቀት ጊዜ ሰውነታችን ብዙ ያልባል። ላብ ማለት ከሰውነት የሚወጣ ውሃ ነው። የወጣውን ውሃ በመጠጥ ካልተካነው ሰውነት ውሃ ያጥረዋል። ያን ጊዜ አንጀት ከሰገራው ውስጥ ውሃውን መጥጦ ይወስዳል። ሰገራው ይደርቃል። የደረቀ ሰገራ በቀላሉ አይወጣም። ሰውየው ያምጣል። ሲያምጥ ደም ወደ ታች ይገፋል፤ የደም ሥሮቹም ያብጣሉ። ደረቁ ሰገራ ያበጠውን ሲፍቀው ይደማል።

ላቡ ራሱም ሌላ ችግር ያመጣል። በመቀመጫ መካከል ያለው ቆዳ ቀኑን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ይውላል። ርጥብ ቆዳ ሲፋተግ ይላላጣል፤ ያሳክካል። ሰውየው ሲያክከው ይቆስላል።

ከሙቀት ሌላ ኪንታሮትን የሚያባብሱ ነገሮች አሉ። የመሳለሚያን ተሸካሚ ተመልከቱ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ይህን ከትከሻው ላይ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሆዱን ያጠብቃል። ይህም እንደ ማማጥ ያለ ነው። ሥራ እንዳይቀርበት ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። መጸዳጃ ቤት ሩቅ ሲሆንበት ሰገራውን ይዞ ይቆያል። ድካም እንዳይሰማው ጫት የሚቅምም አለ። ጫት ደግሞ ሆድ ያደርቃል።

ገበሬውንም ተመልከቱ። በሩቅ መንገድ ተቀምጦ ይጓዛል። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ፀሐይ ላይ ይውላል። ሴቶችም በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ኪንታሮት ይበረታባቸዋል። ጽንሱ ከላይ ሆኖ የደም ሥሮቹን ስለሚጫናቸው ነው። ውሃ ከሩቅ ተሸክመው የሚመጡ እናቶች ደግሞ ሸክሙ ይጨመርባቸዋል።

መ. በቤታችን ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ ቀላል ኪንታሮት በቤት ውስጥ በሚደረግ ጥንቃቄ ይሻላል። የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነው።

1. ውሃ እንጠጣ። በፀሐይ የሚሠራ ጤነኛ ሰው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል። ላቡ ሲበዛ ከዚህም በላይ ይጠጣ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ወደ እርሻ ስንሄድ ውሃ በቅል ወይም በጀሪካን እንያዝ። ሽንታችን ቢጫ ሆኖ ከጠቆረ ውሃ አንሶናል ማለት ነው። አረቄ የውሃን ቦታ አይተካም፤ እንዲያውም ሰውነትን ያደርቃል።

የምንጾም ሰዎች ጾም ከፈታንበት ሰዓት ጀምሮ እስክንተኛ ድረስ ውሃውን ከፋፍለን እንጠጣ። በረመዳንም ከአፍጥር እስከ ሱሑር እንዲሁ ይደረግ። ሕመም ለበረታበት ሰው ደግሞ የሃይማኖት አባቱን ማማከር ነውር የለውም።

2. ገለባ ያለውን ምግብ እንብላ። ከነልጣጩ የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ፣ የስንዴና የገብስ ንፍሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ ሰገራን ያለሰልሳሉ። ፓፓያና ብርቱካንም ጥሩ ናቸው። ተልባ ቆልቶና ወቅጦ በውሃ በጥብጦ መጠጣትም ይረዳል። ተልባ የጠጣ ሰው ግን ውሃ ይጨምር፤ ያለ ውሃ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ምግብ ቀስ በቀስ እንጨምር። በአንድ ጊዜ ከበዛ ሆድ ይነፋል። ሚጥሚጣና በርበሬ ኪንታሮትን አያመጡም፤ ነገር ግን ሲወጡ የቆሰለውን ያቃጥላሉ። ስለዚህ እስኪሻለን እንቀንስ።

3. ሰገራ ሲመጣ አንያዝ። ስሜቱ ሲመጣ ወዲያው እንሂድ። በኃይል አናምጥ። ከ5 ደቂቃ በላይ አንቀመጥ። ካልወጣ ተነሥተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ትንሽ ተራምደን እንደገና እንሞክር። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ለሰገራ መውጣት ይረዳል። ቁጢጥ ብሎ መቆየት ግን ይጎዳል።

4. በውሃ እንታጠብ። ድንጋይ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና ሻካራ ቅጠል ያበጠውን የደም ሥር ያቆስላሉ። ከተጸዳዳን በኋላ በንጹሕ ውሃ ቀስ ብለን እንታጠብ። ፊንጢጣን በሳሙና አንፈትግ፤ ያደርቀዋል። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረግን እናድርቅ። ከዚያ እጃችንን በሳሙና በደንብ እንታጠብ።

5. ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እንቀመጥ። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ እናድርግ። ውሃው ክርናችንን የማያቃጥል ይሁን። በውስጡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንቀመጥ። ይህን በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ እናድርግ። ጨው፣ አልኮል ወይም በረኪና መጨመር አያስፈልግም። ለብ ያለው ውሃ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ ሕመሙንም ያስታግሣል። ሳፋው ለዚሁ ሥራ ብቻ ይለይ።

6. እናቀዝቅዝ፤ እናድርቅ። ቀትር ላይ ማቃጠሉ ሲበረታ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረን ለ10 ደቂቃ ያህል እንያዝበት። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አናድርግ። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ እንልበስ። በላብ የራሰውን የውስጥ ልብስ እንለውጥ። ጥፍራችንን አሳጥረን እንቁረጥ፤ እንዳናክክ።

7. ሸክምን እናቅል። ጆንያ ለሁለት እንያዝ። ስናነሳ ከጉልበታችን በርከክ እንበል። ትንፋሽ አንያዝ፤ ስናነሳ እናስወጣ። ረጅም ጉዞ ስንሄድ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደን ጥቂት እንራመድ።

እነዚህን ነገሮች ካደረግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሻል እንጀምራለን። ከተሻለን በኋላም ውሃውንና ምግቡን አንተው። ከተውን ይመለሳል።

ሠ. የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው?

ማንበብ መቻል ትልቅ ኃይል ነው። ዳሩ ግን የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። «በአንድ ቀን እንነቅላለን» የሚል ጽሑፍ ስናነብ እንጠይቅ። ይህን የጻፈው ማን ነው? የሕክምና ፈቃድ አለው? የሚቀባኝ ወይም የሚወጋኝ ምንድን ነው? ብጎዳ የት አገኘዋለሁ?

የቁልቋል ወተትን የመሰለ የሚያቃጥል ነገር ፊንጢጣ ላይ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። በምላጭ የሚቆርጡም አሉ። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ቃጠሎው ያበጠውን የደም ሥር ብቻ ለይቶ አይነካም። ጤነኛውንም ሥጋ ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ይኮማተራል፤ መውጫውንም ያጠበዋል። ሰገራን የሚይዘው ጡንቻ ከተጎዳ ደግሞ ሰውየው ሰገራውን መቆጣጠር ያቅተዋል። በቆሸሸ ምላጭ የተቆረጠ ሰው ቁስሉ ሊመረቅዝበት ይችላል። ምላጩ ሌላ ሰው የተቆረጠበት ከሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል።

ይህን ስንል የአባቶችን ዕውቀት ሁሉ መናቃችን አይደለም። ተልባ መጠጣትና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ጥሩም ነው። የሚያለሰልሰውን እንያዝ። የሚያቃጥለውንና የሚቆርጠውን እንተው።

ረ. ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄደው መቼ ነው?

ደም ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢመረመር ይሻላል። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም። አሜባም ሰገራን ደም ያስቀላቅላል። የአንጀት ካንሰርም ያደማል። «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው ሌላውን በሽታ ያሳድጋል። ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን አንቆይ።

— ደሙ ከበዛ ወይም አልቆም ካለ፤
— ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤
— ከደሙ ጋር ንፍጥ ካለ፣ ቁርጠትም ካለ፤
— ትኩሳት ወይም መግል ካለ፤
— ሰውነት ከከሳ፣ ሆድ አንድ ጊዜ ሲደርቅ አንድ ጊዜ ሲቀመጥ ከሰነበተ፤
— ዓይንና ከንፈር ከነጣ፣ ራስ ካዞረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፤
— እብጠቱ በድንገት ጠንክሮ ሕመሙ ከበረታ፤
— በቤት ተጠንቅቀን በአንድ ሳምንት ካልተሻለን።

እብጠቱ በድንገት ከጠነከረ በ3 ቀን ውስጥ መድረስ ጥሩ ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ የረጋውን ደም ማውጣት የሚችለው በዚያ ጊዜ ነው።

ሐኪም ጋ ምን ይደረጋል? ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ያያል፤ ይዳስሳል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ለብዙ ሰው የሚያለሰልስ መድኃኒትና ምክር ይበቃዋል። የውስጡ ኪንታሮት ከበረታ በትንሽ ላስቲክ ታስሮ እንዲደርቅ ይደረጋል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው። በገጠር ላለነውም መጠየቂያ አለን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞችን አሰማርቷል። እነሱን ብናማክር ወደሚመረምረን ቦታ ይልኩናል።

ሰ. ገበሬው ቤቱ ሲመለስ

ገበሬው ነርሷን «ልጄ፣ ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ለሴት ልጅ እናገራለሁ ብዬ ነበር» አላት።

«አባቴ፣ እኔ በቀን ስንቱን አያለሁ! የሚያሳፍረው ሕመሙ አይደለም። መደበቁ ነው የሚጎዳው» አለችው።

ጤፉን ሸጦ አንድ ሳፋ ገዛ። ሲመለስ ውሃ በጀሪካን ይዞ ጾም በተፈታ ሰዓት ጠጣ። መኪናው ደጀን ላይ ሲቆም ወርዶ ተራመደ። በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩና መድማቱ ተወው። የእህቱ ልጅም ጫቱን ቀነሰ፤ ጆንያ ሲያነሳም ጓደኛውን መጥራት ጀመረ።

አንድ ማታ ገበሬው ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ ሳፋውን አየች። ብዙ ዝም አለች።

«እኔማ ከመጨረሻው ልጃችን ጀምሮ አለብኝ» አለች።

ልጁ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ገበሬው ደነገጠ። «ስድስት ዓመት ሙሉ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?» አለችው።

በማግስቱ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ደሟ ተመረመረ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲፈስ ኖሮ ደም አንሷት ነበር። ውሃ ስትቀዳ ራሷን የሚያዞራትም ለዚህ ነው። መድኃኒት ተሰጣት፤ ለተጨማሪ ምርመራም ወደ ሆስፒታል ተላከች።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኛም ዛሬ ማታ ይህን ትምህርት ለቤተሰባችን ጮክ ብለን እናንብብ። ምናልባት ከቤታችን ውስጥ ዝም ያለ ሰው ይኖር ይሆናል።

የቃላት ትርጉም

ፊንጢጣ — የሰገራ መውጫ
የደም ሥር — ደም የሚመላለስበት የሰውነት ቧንቧ
ማማጥ — ሆድን አጥብቆ ወደ ታች መግፋት
ጠባሳ — ቁስል ሲድን የሚቀር ምልክት
ደም ማነስ — በሰውነት ውስጥ ያለው ደም መቀነስና መድከም

ጥያቄዎች

1. ገበሬው በርጩማ ሲቀርብለት ያልተቀመጠው ለምንድን ነው?
2. በሙቀት ጊዜ ሰገራ የሚደርቀው እንዴት ነው? በጭቃው ምሳሌ አስረዱ።
3. የእጅ ኪንታሮትና የፊንጢጣ ኪንታሮት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የምንቀመጠው ለስንት ደቂቃ ነው? በቀንስ ስንት ጊዜ?
5. የሚያቃጥል ነገር ፊንጢጣ ላይ መቀባት ምን ጉዳት ያመጣል?
6. ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ሦስት ምልክቶችን ጻፉ።
7. የገበሬው ሚስት ስድስት ዓመት ዝም ያለችው ለምን ይመስላችኋል? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት።